ፊቴ የታለ?

ደብረ ብርሃን ላይ ፊልምና ቪዲዮ ለሚሠሩ ወጣቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በኅዳር ማታ ደብረ ብርሃን ላይ ከጋቢ ውስጥ መውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ሥራዬ ሲኒማቶግራፈር ነው። እናቴ ለጎረቤት ስትናገር "ካሜራማን ነው" ትላለች፤ እሱም ያስኬዳል። ልዩነቱ ኃላፊነቱ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ታሪኩን ይመራል። ሲኒማቶግራፈሩ ደግሞ ታሪኩ በዓይን ሲታይ ምን እንደሚመስል ይወስናል። ብርሃኑ በየት በኩል ይግባ? ካሜራው ምን ያህል ከፍ ይበል? የቱ ይታይ፣ የቱ ይጨልም? ትልልቅ ፊልሞች ላይ መብራቱን የሚመራ ጋፈር አለ። ፎከስ ብቻ የሚከታተል ሰው አለ። እኛ ጋ ይህን ሁሉ አንድ ሰው ይሠራዋል። ሲበዛ ሁለት።

ከመምጣቴ በፊት ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ "የትኛውን ካሜራ ልግዛ?" የሚሉ ናቸው። እሱን ሻይ ስንጠጣ እናወራለን። ዛሬ የመጣሁት ስለ አንድ ነገር ለመናገር ነው። ስለ ሰው ፊት።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ጥምቀትን ቀረጽኩ። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ። ካሜራው የኪራይ ነበር። ብዙም ስለማላውቀው ሁሉን ነገር አውቶ ላይ አደረግኩት፤ ካሜራው ራሱ ይወስን ብዬ። ቀኑ ጥርት ያለ ነው። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ነፋሱ ይቀዘቅዛል። የጥርን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ሕዝቡ ነጭ በነጭ ሆኖ ሜዳውን ሞልቶታል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቀረጽኩ። ደስ ብሎኝ ነው ወደ ቤት የገባሁት።

በሳምንቱ አንድ ሰው ቤት ተሰብስበን አየነው። ቤቱ ጢም ብሏል። ቡና ተፈልቷል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እማማ የሚላቸው አንዲት እናት ነበሩ። ቲቪው ፊት ለፊት ወንበር ተለቀቀላቸው። እሳቸው ያሉበት ቦታ ሲደርስ አቆምኩላቸው። ተነሡ። ቀረብ አሉ። መስታወቱን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ "ነጠላዬ ይኸውና። ጥለቱም ይኸው። ፊቴ የታለ ልጄ?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የነጠላው ክር ሳይቀር ይቆጠራል። ከነጠላው መሀል ያለው ግን ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። ዓይን የለም፣ አፍንጫ የለም። ወደ ሌላው ሰው ባሳልፈውም ያው ነው። ሜዳ ሙሉ ነጠላ፣ ፊት የሌለው። "ፀሐዩ ነው እማማ" አልኳቸው። ዋሽቼ አይደለም። ያኔ የመሰለኝ እሱ ነው።

ፀሐዩ አልነበረም። ካሜራ ብርሃን ሲለካ የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም። ነጠላ ይሁን፣ ግድግዳ ይሁን፣ ሰው ይሁን ለእሱ አንድ ነው። የተሠራው ከፊት ለፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ ደምሮ መካከለኛ ግራጫ እንዲያደርገው ነው። በሙያው 18 በመቶ ግራጫ የሚባለው ነው፤ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ማለት ነው። ነጭ ጨርቅ ግን ከ80 በመቶ በላይ ይመልሳል። እንግዲህ ሜዳው በነጠላ ሲሞላ ካሜራው "ብርሃኑ በዝቷል" ብሎ ይቀንሳል። ሁለት ስቶፕ ያህል ይቀንሳል። እያንዳንዱ ስቶፕ በግማሽ መቀነስ ስለሆነ፣ ሁለት ስቶፕ ማለት ሩብ ብቻ ቀረ ማለት ነው። የእማማ ፊት ከሚገባው ብርሃን ሩቡን አገኘ። ያውም በነጠላው ጥላ ሥር ሆኖ።

አንዳንዶቻችሁ "ኤዲት ላይ ይስተካከላል" ስትሉ እሰማለሁ። እኔም ብዬ ነበር። እማማ ከሦስት ዓመት በኋላ አረፉ። ልጃቸው ደወለችልኝ። ለሙት ዓመታቸው ትልቅ ፎቶ ማሠራት ፈልገው፣ እናታቸው በሕይወታቸው አንድም ጊዜ ፎቶ ተነሥተው እንደማያውቁ ነገረችኝ። ያላቸው የእኔ ቪዲዮ ብቻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ አደርኩ። ጨለማውን ከፍ ሳደርገው የሚወጣው ፊት አይደለም። ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣብ ነው። ካሜራው ያልያዘውን ብርሃን ማንም መልሶ ሊያመጣው አይችልም። ፎቶውን ልሰጣቸው አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ መማር የጀመርኩት።

ስማር ካገኘሁት ነገር አንዱን ልንገራችሁ። ድሮ በፊልም ዘመን የፎቶ ፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው ካርድ ነበር። ካርዱ ላይ የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ አለ። የመጀመሪያዋ ሴት ሸርሊ ትባል ስለነበር ካርዱ የሸርሊ ካርድ ተባለ። የሸርሊ ቆዳ አምሮ ከወጣ ማሽኑ ተስተካክሏል ማለት ነው። ለረጅም ዘመን መለኪያው የእሷ ፊት ብቻ ነበር። የኮዳክ ሰዎች ራሳቸው ኋላ እንደተናገሩት፣ ለጥቁርና ለቡናማ ቀለም ፊልሙ እንዲሻሻል ከገፉት ውስጥ ቸኮሌት አምራቾችና የእንጨት ዕቃ ሠሪዎች ነበሩ። የቸኮሌታቸውና የጠረጴዛቸው ቀለም አልለይ ስላላቸው አቤት ብለው ነው። ይህን ሳነብ እማማ ናቸው የታወሱኝ።

ዛሬ ካሜራው ተሻሽሏል። የድሮው ልማድ ግን አለ። ካሜራችሁ ላይ ዜብራ የሚባል ነገር አለ፤ ብርሃኑ በመቶኛ ከወሰናችሁለት መጠን ሲደርስ በስክሪኑ ላይ መስመር መስመር ሆኖ የሚታየው። "ዜብራውን 70 ላይ አድርገህ ፊት ላይ እንዲታይ አድርግ" የሚል ምክር በየቪዲዮው ትሰማላችሁ። ያ ምክር ለነጭ ቆዳ የወጣ ነው። የእኛን ሰው 70 ላይ ብታስቀምጡት ፊቱ ይገረጣል፣ ግንባሩ ይነጣል። እኔ ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 55 ባለው ላይ ነው የማስቀምጠው። እንደ ሰውየው መልክ ከፍ ዝቅ ይላል። ቀይ አለ፣ ጠይም አለ፣ ጥቁር አለ። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሦስቱም አሉ።

ብራድፎርድ ያንግ የሚባል ሲኒማቶግራፈር አለ። አሜሪካዊ ነው። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲማር መምህሩ የእኛው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 "አራይቫል" በተባለው ፊልም ለኦስካር ታጨ። በሲኒማቶግራፊ ዘርፍ የታጨ የመጀመሪያው አፍሪካ አሜሪካዊ ነው። ሥራዎቹን ፈልጋችሁ እዩ። ጥቁር ፊትን በኃይለኛ መብራት አያጥለቀልቀውም። ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ያስቀምጠውና ከጎን በኩል ሰፊ፣ ለስላሳ ብርሃን ይሰጠዋል። ቆዳው ራሱ ያበራል። የግንባሩ ጠርዝ፣ የጉንጩ አጥንት፣ የከንፈሩ ጫፍ እያንዳንዱ ትንሽ ወዝ ይይዛል። ያ ወዝ ነው ፊቱን የሚስለው። ጥቁር ቆዳ የሚፈልገው ብዙ ብርሃን ሳይሆን ሰፊ ብርሃን ነው። ይህ ከገባችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ወደ ራሳችን ሰማይ ልመለስ።

እዚህ የቆምንበት ቦታ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። አየሩ ስስ ነው። ጥላ ጥቁር የሚሆነው፣ የሰማዩ ሰማያዊነት እንዲህ የሚጠልቀው ለዚህ ነው። ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ እኛ ጋ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። አውሮፓውያኑ በበጋ ሰዓታት የሚቆይ ወርቃማ ብርሃን አላቸው። የእኛ ከ12 ሰዓት ተኩል ይጀምርና 1 ሰዓት ተኩል ላይ አልቋል። ማታም ከ11 ሰዓት በኋላ ያለችው አንድ ሰዓት ናት። ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ ማብቂያ ገደማ ደግሞ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። የነሐሴውን ደመና ይሸፍነዋል። በሚያዝያው ግን ደጅ የቆመ ሰው ስትቀርጹ ዓይኑ ሁለት ጉድጓድ ይሆናል።

ምን ይደረግ? በዚያ ሰዓት ሰው አትቅረጹ። ግድ ከሆነ ከደጃፍ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ አስገቡት። ፊቱን ወደ ውጭ ያዙር። ፀሐዩ መሬቱ ላይ ያርፍና ተመልሶ ፊቱን ከታችና ከፊት ያበራዋል። ከዚህ የተሻለ ነጻ መብራት አላውቅም።

ይህን ያስተማረችኝ ግን ካሜራ የማታውቅ እናት ናት።

መንዝ ሄደን ከበግ ጸጉር ስለሚሠራው ብርድ ልብስ፣ ስለ ባና አሠራር አጭር ዘጋቢ ፊልም እንሠራ ነበር። የምንቀርጻቸው እናት የበግ ጸጉር ይፈትላሉ። ቤታቸው የድንጋይ ካብ ነው፤ ጣሪያው ሣር፣ በሩ አንድ፣ እሱም ዝቅ ያለ። ግድግዳው በጥቀርሻ ጠቁሯል። እሳቸው ምድጃው ጋ ተቀምጠዋል። ቦታውን የመረጥነው እኛ ነን። እሳት አለ፣ ጢስ አለ፣ "ያምራል" ብለናል። ጓደኛዬ ሁለት መብራት ተከለ።

ስናበራው ቤቱ ቤት መሆኑ ቀረ። ጥቀርሻው ሁሉ አንጸባረቀ። እናትየዋ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። እንዝርቱ ቆመ። ክሩ ሁለት ጊዜ ተበጠሰባቸው። እኛን ላለማሳፈር ዝም ብለው ይቀጥሉታል። አጠፋነው።

ከዚያ ነው የጠየቅኋቸው። "እናቴ፣ ሌላ ጊዜ ሲፈትሉ የት ነው የሚቀመጡት?"

"እዚያ ነዋ፣ ከበሩ። እዚህማ ክሩ የት ይታየኛል?"

ሀምሳ ዓመት ሙሉ ብርሃን ሲመርጡ ኖረዋል። እኛ ሳንጠይቃቸው ከቦታቸው አንሥተን ጨለማ ውስጥ አስቀመጥናቸው።

ዱካቸውን አንሥተን በሩ ጋ አደረግንላቸው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ፀሐዩ በቀጥታ ይገባል፣ ይጠነክራል። ከመኪናው አቡጀዴ አወጣንና በበሩ ውጭ በኩል፣ ከሣሩ ክፈፍ አንሥተን ወደ ታች ዘረጋነው። አንዲት ወለላ ብርሃን ገባች። በግራ ጉንጫቸው ላይ ወርዳ አንገታቸው ላይ ቀረች። ከጀርባቸው ያለውን እሳት አላጠፋነውም። የካሜራውን የብርሃን ቀለም መለኪያ 5,600 ኬልቪን ላይ አድርጌ ተውኩት፤ የቀን ብርሃን ልክ ነው። የማገዶ እሳት 2,000 አካባቢ ስለሆነ ከኋላ እንደ ፍም ቀልቶ ቀረ። በአውቶ ብተወው ኖሮ ካሜራው እሳቱንም ሊያነጣው ይሞክራል።

ከዚያ ተንበረከክሁ። ይህን እባካችሁ ልብ በሉ። የእኛ ሰው ዱካ ላይ ወይም መደብ ላይ ሲቀመጥ ዝቅ ይላል። ካሜራማኑ ቆሞ ከቀረጸው ከላይ ወደ ታች ነው የሚያየው። በቴሌቪዥን የምናየው የገጠር ሰው ስንት ጊዜ ነው እንደዚያ የሚታየው? አንገቱን ቀና አድርጎ የሚለምን ይመስላል። ሰውየው ግን በገዛ ቤቱ በክብር ነው የተቀመጠው። ሌንሳችሁ በዓይኑ ትክክል ይሁን። ሱሪያችሁ አቧራ ቢነካው ይታጠባል።

ፊታቸውን 50 ላይ አስቀመጥኩት። እጃቸው እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሽከረከረ። ጸጉሩ ከጣታቸው እየሳሳ ወደ ክር ተቀየረ። ሲፈትሉ የሚበነው ብናኝ በብርሃኗ ውስጥ ይንሳፈፋል። ከዓይናቸው ጥግ የሚነሣው መስመር አንድ በአንድ ይለያል። አርባ ደቂቃ ያህል ማንም ሰው አልተናገረም። ኋላ ትንሿን ስክሪን አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩ። "እናቴን መስያለሁ" አሉ።

እናትየዋ ያሉትን በፊልሙ ውስጥ አላስገባነውም። ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ፤ ከዚህ የሚበልጥ ክፍያ አላገኘሁም።

ስለ ክፍያ ካነሣሁ፣ ቀብድ ሳትቀበሉ ሥራ አትጀምሩ። ውል በወረቀት ይሁን። እኔ አንድ ጊዜ በቃል ተማምኜ የሠራሁት ሥራ ገንዘቡ ስምንት ወር ቆይቷል። ሰርግ የምትቀርጹ ብዙዎች ናችሁ። ሰርግን አትናቁት። በአንድ ቀን ደማቅ ፀሐይ፣ ጨለማ ቤትና የአዳራሽ መብራት የምትለማመዱበት ሌላ ሥራ የለም። ሙሽሪት ነጭ፣ ሚዜዎቹ ጥቁር ለብሰው ጎን ለጎን ይቆማሉ። አውቶ እዚያ ላይ ይበዳችኋል። ፊቷን አስቀድሙ። ቬሎው ትንሽ ቢነጣ ማንም አይቆጣም።

አዳራሽ ውስጥ ምስሉ ብልጭ ድርግም አለብን ለምትሉት፣ ነገሩ የመብራት ኃይሉ ነው። የእኛ መስመር በሰከንድ 50 ዑደት ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ካሜራችሁን በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሸተሩን፣ ማለትም አንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ አድርጉት፤ ይቆማል። ከውጭ የሚመጣ ካሜራ ብዙ ጊዜ በአሜሪካኖቹ ልክ ተስተካክሎ ነው የሚደርሰን፣ በ30 እና በ1/60። ባትሪ ደግሞ በብርድ ይደክማል። በኪሳችሁ፣ ከሰውነታችሁ ተጠግቶ ይደር።

አንድ ቀን የጣርማ በርን ጉም ስንቀርጽ አደርንና ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድን። ከፍታው በአንድ ጉዞ ከ1,500 ሜትር በላይ ይወርዳል። መኪናው ውስጥ ካሜራው እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ቆላው ሙቀት ውስጥ ቦርሳውን እንደከፈትኩ ሌንሱ በውስጥም በውጭም ላበው። የያዝነው ቀጠሮ አለፈ። አሁን ከመውረዴ በፊት ካሜራውን ፌስታል ውስጥ አስገብቼ ጥብቅ አድርጌ አስረዋለሁ። ቆላ ስደርስ ግማሽ ሰዓት ሳልፈታው እጠብቃለሁ። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል።

ትዕግሥትን ለመማር መንዝ ውስጥ ወዳለው ጓሳ ሂዱ፤ ጭላዳ ቅረጹ። ቅርባችሁ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። ሌሊቱን ገደሉ ላይ ያድራሉ። ጠዋት ፀሐይ ሲነካቸው አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ይወጡና ቁጭ ብለው ይሞቃሉ። ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ነው የምታገኙት። ትሪፖዱን ቀድማችሁ ትከሉ፣ ፀሐዩን ከወንዱ ጀርባ አድርጉ፣ አትንቀሳቀሱ። ፀሐዩ ጎፈሩን ከኋላ ሲመታው ዙሪያውን እንደ እሳት ይነዳል። ያ ብርሃን ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም። ከተሯሯጣችሁ ያልፋችኋል።

በቃ ብዙ አወራሁ። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እዚሁ በር ላይ እንገናኝ። ፀሐይ ሳትወጣ ማለቴ ነው። ካሜራ የሌለው በስልኩ ይሠራል፤ ስልክም ላይ ብርሃኑን በእጅ መቀነስና መጨመር ይቻላል። ነጭ ነጠላ ያላችሁ ልበሱ። እናቱን ወይም አያቱን ማምጣት የሚችል ካለ ያምጣ፤ ወንበርና ጋቢ እኛ እናዘጋጃለን። እያንዳንዳችሁ የአንድ ሰው ፊት ትቀርጻላችሁ። ከዚያ ለተቀረጸው ሰው እናሳየዋለን። ውጤቱን የሚነግረን እሱ ነው።